የካውያ ቤቱ ብርጌድ

ልጆቹ ናቸው ጻፊው ያሉኝ። ባለፈው እሁድ የልጅ ልጆቼ ዘጠኝ ሆነው መጡና ግቢው በጫጫታ ሲሞላብኝ ሦስት ሦስት አድርጌ ለየኋቸው። ሦስቱን ውሃ አስቀዳሁ፣ ሦስቱን ግቢ አስጠረግሁ፣ ሦስቱን ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ትልቋ፣ «አያቴ፣ እነዚህ ለምን ይቀመጣሉ?» ብትለኝ፣ «ተጠባባቂ ናቸዋ። ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ደንብ ነው» አልኳት። ሁሉም ሥራቸውን ጥለው አዩኝ። አንዱማ ለእናቱ ደውሎ አያቴን ሐኪም ይያት ሊል ነበር። ከዚያ ወዲያ ሳልነግራቸው የሚሄዱ አልሆኑም፤ ብነግራቸውም አልበቃቸው፣ ጻፊው አሉኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ ልጅ አዝዬ ነው፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ወዲያና ወዲህ ብል ታገሡኝ። ቀፊራ ገበያ ስሄድ እንኳ ቀጥ ብዬ ሄጄ አላውቅም፤ መንገድ ላይ የማያስቆመኝ ነገር የለም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የሶማሊያው ጦርነት አልፎ፣ ከተማችን ድሬ ትንሽ መተንፈስ የጀመረችበት ጊዜ። እኛ የምንኖረው መጋላ ሠፈር በኩል፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ባቡር ጥገና ይሠራል። ዝምተኛ ሰው ነው። ጠዋት ሲወጣ «ደህና ዋሉ»፣ ማታ ሲገባ «ደህና አመሻችሁ»፣ በመካከሉ ያለውን ወሬ ለኔ ትቶልኛል፤ እኔም አላሳፈርኩትም። ከኛ በስተቀኝ የምትኖረው ጎረቤቴ የሶማሌ ሴት ናት፣ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ሳሙናና ሻርፕ እየተቀበለች ትሸጣለች። ኮንትሮባንድ ነው፤ ግን ያኔ በድሬ በዚያ ሳሙና ያልታጠበ ሰው ቢፈለግ ሕፃን ብቻ ነው የሚገኘው፣ እሱም ገና ስላልታጠበ።

በስተግራ ደግሞ እንግሊዙ አባባ ነበሩ። እንግሊዝ መባላቸው ለስም ነው። የሐረር ተራራ ሥር የተወለዱ፣ ቀጭን፣ ጠይም ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ክፍል ነበራቸው። በአንዱ ይተኛሉ፣ በአንዱ ልብስ ይተኩሳሉ። ሦስት የከሰል ካውያ አላቸው፤ ትልቁን ሳነሳው እንደ ሙክት ነው የሚከብደኝ። የሠፈሩ ሙሽራ፣ የባቡሩ ሠራተኛ፣ የመስጊዱ ሼክ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ፣ ሁሉም በሳቸው ካውያ ሥር ያልፋል። ሱሪ ሲያጥፉ አንድ አስተጣጠፍ አላቸው፣ ሁለቱን እግር ገጥመው፣ በአውራ ጣት መስመሩን አስይዘው፣ አንዴ አራግፈው። ያቺን ከእንግሊዝ እንደተማሯት ይናገሩ ነበር። ስማቸውም ከዚያ መጣ።

አንድ ቀን ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ የለበሰውን የካኪ ሳፋሪ ራሳቸው አባባ ናቸው የተኮሱለት።

«አባት፣ አንዱ ክፍል ለቀበሌው የኪነት ቡድን ከበሮ ይፈለጋል» አላቸው።

«ከበሮ ደግሞ ቤት ያስፈልገዋል እንዴ?»

«የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። ፀሐይ ሊመታው አይገባም።»

«ካውያዬስ?»

«ካውያዎን መኝታዎ ጋ ያድርጉት።»

«ከከሰል ጭስ ጋር ልተኛ ነው? ጠዋት ስትመጣ ተኝቼ ታገኘኛለህ፤ ግን አልነሣም።»

«እንግዲያው ውጭ ይተኩሱ።»

አባባ ግቢውን አዩት። የድሬ ንፋስ እንደሁ ታውቁታላችሁ፣ አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው። ነጭ ሸሚዝ ውጭ የሚተኩስ ሰው ካኪ ሸሚዝ ይዞ ይገባል። እኔ ልብስ አሰጣ ነበርና ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እጃቸው ካውያው ላይ እንዳለ ቀርቷል። ክፍሉ ከሄደ ሥራው ሄደ። ሚስታቸው ቀድመዋቸዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ያቺ ክፍል ናት ያለቻቸው።

«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በጣሊያኑ ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ብርጌድ ጋር የነበርኩ ሰው ነኝ።»

ሊለምኑ ነው ያሉት። ሊቀመንበሩ ግን ሊወጣ እግሩን ካነሣበት ተመለሰ።

«ብርጌድ አሉኝ?»

ለምን እንደተመለሰ ለማወቅ የአምናውን ማወቅ ያስፈልጋል። በየዓመቱ መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሲከበር፣ የየቀበሌው ሴቶች ማኅበር የእንጨት ጠመንጃ ይዞ በመድረኩ ፊት ይሰለፋል። አምና የኛ ቀበሌ ተራ ሲደርስ፣ ልክ መድረኩ አጠገብ፣ የጅቡቲው ባቡር ጡሩምባ ነፋ። ከሴቶቻችን ግማሾቹ ዕቃ የሚጠብቁ ናቸው። ቶሎ ካልደረሱ ወይ የጉምሩክ ፖሊሱ፣ ፊናንስ፣ ይወስደዋል፣ ወይ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ባቡሩ ሲጮኽ እግራቸው አላማከራቸውም። የእንጨት ጠመንጃቸውን እንደያዙ ወደ ጣቢያው ሮጡ። መድረኩ ላይ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች መጀመሪያ ወረራ መስሏቸው ከወንበራቸው ሥር የገቡ ነበሩ። ጎረቤቴ በዚያ ቀን ጠመንጃዋን ለተሸካሚ ሰጥታ ሁለት ጆንያ ሳሙና ይዛ ተመለሰች። ሊቀመንበሩ ከቀበሌ በላይ ያለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ ምን እንደተባለ አይነገርም። ሁለት ሳምንት ቀና ብሎ አልሄደም።

«አባት» አላቸው አሁን፣ «ዘንድሮ ሴቶቹን እርስዎ ያሠልጥኑልኝ። እንደ ብርጌድ። ሳይበተኑ በመድረኩ ፊት ካለፉ፣ አንገታቸውን እኩል አዙረው ለእንግዶቹ ሰላምታ ከሰጡ፣ ክፍሉን አልነካም። ከተበተኑ ግን ከበሮው በማግስቱ ይገባል።»

አባባ እሺ አሉ። ሌላ ምን ይበሉ።

ሊቀመንበሩ ከወጣ በኋላ ሄድኩና፣ «አባባ፣ ወታደር ነበሩ እንዴ? ነግረውኝም አያውቁ» አልኳቸው።

«አልነበርኩም። አልኩ እንዴ? ከብርጌድ ጋር ነበርኩ ነው ያልኩት።»

«ምን ሆነው?»

«አጣቢ። ኋላ ደግሞ ተኳሽ።» ተኳሽ ሲሉ ካውያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

ያን ዕለት ብዙ አወሩኝ። ብርጌዱ ከኬንያ በኩል ተነሥቶ፣ በጅጅጋ አድርጎ፣ ከሐረር ተራራ ወደ ድሬ ሲወርድ እሳቸው ጎረምሳ ነበሩ። የእንግሊዝ ይባል እንጂ እንግሊዞቹ አለቆቹ ነበሩ፤ ወታደሩ የሚበዛው ጥቁር ነው፣ አንዱ ከምዕራብ አፍሪካ፣ አንዱ ከምሥራቅ። ልብስ የሚያጥብላቸው ሲፈልጉ እኔ አለሁ አሉ። ከዚያ እስከ አዋሽ ማዶ አብረው ሄዱ።

«ጦሩን የማውቀው በእድፉ ነው» አሉኝ። «አሥር ሸሚዝ በአንድ ጥቅል ይመጣል፤ ያ አንድ ቡድን ነው። ሦስት ጥቅል ባንድ ላይ ይታሰራል፣ ከላዩ የአለቃው፣ የምክትሉና የመልእክተኛው ይጨመራል፤ ያ መቶ ነው። መቶ ይባላል እንጂ ሠላሳ ምናምን ሰው ነው፣ ስሙ አያታልልሽ። እንዲህ ያለ መቶ ሦስት ሲሆን አንድ ሻምበል። አራት ሻምበል ከጠቅላይ ሠፈሩ ሻምበል ጋር አንድ ሻለቃ። ሦስት ሻለቃ ብርጌድ። ሦስት ብርጌድ ክፍለ ጦር።»

«ሁሉም ሦስት ሦስት ነው?»

«እዚያ ሰፈር ሻይ ሲጠጣም ሦስት ሲኒ ነው የሚመስለኝ። በፊተኛው ትልቅ ጦርነት ብርጌዱ አራት ሻለቃ ነበረው። ሰው ሲያልቅባቸው አንዱን አፍርሰው ለሦስቱ አካፈሉት። ይህን የነገረኝ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ሳጅን ነው፤ እሱ በሁለቱም ጦርነት ነበረ። ክፍለ ጦሩ ሦስት ብርጌድ ነው የሚባለውም ወረቀት ላይ ነው። የኛዎቹ ሲቸግራቸው አንዱን ብርጌድ ከሌላ ክፍለ ጦር ይዋሱና ሲጨርሱ ይመልሱ ነበር።»

«እንደ ወንፊት።»

«እንደ ወንፊት። አንዳንዴም እንደ ወንፊት ሳይመልሱ ይቀራሉ።»

ሬጅመንት የሚሉት ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ሦስቴ ጠየቅኋቸው። «ሬጅመንት ዘር ነው፤ ብርጌድ ጎረቤት ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «የአንድ ሬጅመንት ሻለቆች እንደተዳሩ እህትማማቾች ናቸው። አንዷ እዚህ ብርጌድ፣ አንዷ እዚያ ብርጌድ ገብታ ትኖራለች። ስማቸው አንድ፣ ባርኔጣቸው ላይ ያለው ምልክት አንድ። ችግር ሲመጣ ግን የሚዋጉት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ነው።» ይሄኔ ገባኝ። የኔም እህት መኢሶ ተድራ ነበር። ልጅ ሲያመኝ የምትሮጥልኝ እሷ ሳትሆን የሶማሌ ጎረቤቴ ናት። እህቴ ኋላ በባቡር ሎሚ ትልክልኛለች። የመኢሶ ሎሚ ደግሞ ያኔ እንደዛሬው አልነበረም፤ ይሄን ሌላ ጊዜ።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ፣ ካውያቸውን እያዩ። «ጥቅሉ አሥር ሆኖ ሄዶ ስምንት ሆኖ ሲመለስ፣ አለቆቹ ሳይጽፉት እኔ አውቀዋለሁ። ሁለቱን ሸሚዝ ሳልጠይቅ እቀመጣለሁ።» ከሰሉን ቆሰቆሱና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሥልጠናው ደቻቱ ላይ ተጀመረ። ወንዙ ደረቅ ነበር፣ አሸዋው ሰፊ ነው፣ ወድቆ የሚጎዳ የለም። ዘጠና ሴት ወጣን፤ ልክ አንድ ሻምበል። ሊቀመንበሩ በቤት ቁጥር አሥር አሥር አድርጎ ዝርዝር ይዞ መጥቷል። አባባ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እንግሊዝ ሰውን በቤት ቁጥር አያሰልፍም» አሉት። «ያንድ አገር ልጆችን ባንድ ሻለቃ ነው የሚያደርገው። ሰው ባገሩ ልጅ ፊት መሮጥ ያፍራል።»

«እኛ ዘርና ጎሳ አንለይም፣ አባት» አላቸው ሊቀመንበሩ፣ ዙሪያውን አየት አድርጎ።

«እኔም አልለይም። ሌላ መለያ አለኝ።» ወደኛ ዞሩ። «ልጆቼ፣ ቀፊራ ስትሄዱ የቤታችሁን ቁልፍ የምትሰጡት ለማን ነው? እያንዳንድሽ ሄደሽ ከቁልፍሽ ባለቤት አጠገብ ቁሚ።»

ቀላል ነገር መስሏቸው ነበር። አንዷ የሽንኩርት ነጋዴ ሄዳ ከጎረቤቷ አጠገብ ቆመች፤ ጎረቤቷ ደግሞ ጥላት ወደ ሌላ ሴት ሄደች። «እኔ አራት ዓመት ሙሉ ቁልፌን ላንቺ ስሰጥ፣ አንቺ የራስሽን ለሷ ነው የምትሰጪው?» «አቦ፣ ያንቺ ልጆች ስኳር ይልሳሉ።» «ስኳር? የትኛው ስኳር? ከኔ የተበደርሽውን ነው?» በየቦታው እንዲህ ሆነ። ማን ማንን እንደሚያምን ድሬ ላይ ተሸፋፍኖ የኖረው ሁሉ ባንድ ጠዋት አሸዋው ላይ ተዘረገፈ። ሁለት ቀን ሥልጠና አልነበረም፣ ጠብ ብቻ ነው። አንዷ ለባሏ ሳትቀር ቁልፍ እንደማትሰጥ ታወቀና ባሏ ቀበሌ ድረስ መጥቶ አቤት አለ።

በሦስተኛው ቀን ግን ዘጠኝ ቡድን ቆመ። ሶማሌውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ አደሬውም ቁልፉን ተከትሎ ተቀላቅሏል። ሊቀመንበሩ በጣም ደስ አለው፤ «የብሔረሰቦች አንድነት» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። እኔና የሶማሌ ጎረቤቴ አንድ ቡድን ሆንን። እኔ የቡድኑ መሪ ተደረግሁ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ከፊት ካላደረግሁሽ ወሬ ታወሪያለሽ» አሉኝ።

ሰልፉን ሲያስተምሩን፣ ከሦስቱ መቶዎች ሁለቱ ከፊት ይሄዳሉ፣ ሦስተኛው ከኋላ ጥላ ሥር ይቆያል። ቡድንም ውስጥ እንዲሁ፣ መቶም ውስጥ እንዲሁ። ፊተኞቹ ሲደክሙ ኋለኛው ትኩስ ሆኖ ይገባል። ይህ የእንግሊዝ ጥበብ ሴቶቹ ሁሉ ሳይነገራቸው የገባቸው ብቸኛ ጥበብ ነው። በማግስቱ ዘጠናችንም ተጠባባቂ ሆነን ጥላ ሥር ተገኘን።

«ጦሩ የታለ?» አሉ አባባ ባዶ አሸዋ ላይ ቆመው።

«እኛ ነን እኮ፣ አባባ። ትኩስ ሆነን እየጠበቅን ነው» አለቻቸው ጎረቤቴ።

ተራ አወጡልን። እርምጃው ቀስ በቀስ መጣ። እኔ እንኳ፣ እግሬ የራሱ ሐሳብ ያለው ሰው፣ ግራ ቀኙን ያዝኩ። የማይመጣው አንገቱ ነበር። «ወደ ቀኝ ተመልከት» ሲሉ ከመካከላችን አማርኛው ቶሎ የማይደርሳቸው አሉ፤ ፊተኛዋ ለኋለኛዋ በሶማሊኛ፣ እሷ ለቀጣይዋ በኦሮምኛ እስክትነግር፣ አንገቱ ከዳር እስከ ዳር በየተራ ይዞራል፣ ነፋስ እንደነካው ማሽላ። አባባ በእጃቸው ምልክት ሞከሩ፣ በጭብጨባ ሞከሩ፣ አንድ ቀን የካውያ ክዳን እየመቱ ሞከሩ። የኋላው ረድፍ አይሰማም፣ የፊተኛው ይቀድማል። ሊቀመንበሩ መጥቶ አየን።

«እንግዳው ይህን ካየ ይስቃል» አላቸው። «አምና ፈሩ፣ ዘንድሮ ሊስቁ ነው? አንገቱ ካልተስተካከለ ቁልፉን ያዘጋጁልኝ።»

አባባ ያን ዕለት ካውያ አላሞቁም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አሸዋ ላይ በጣታቸው ሦስት ሦስት ነጥብ ሲያደርጉ አየኋቸው። ጎረቤቴና እኔ አጠገባቸው ተቀመጥን።

«አንገቱ ይቅር» አለች እሷ። «የባሰው አለ። ዘንድሮም ባቡሩ ሊመጣ ነው። የኔ ዕቃ አለበት። የብዙዎቹ አለበት። አባባ፣ ወላሂ፣ አልዋሽዎትም፣ ቢጮኽ እግሬን አላምነውም።»

ጣታቸውን ከአሸዋው አነሡ። ከዚያ፣ «እንግሊዝ ውጊያ ሲገባ ሁሉንም ሰው አያስገባም» አሉ። «ከየክፍሉ አውቆ የሚያስቀራቸው አሉ። ሻለቃው እንዳለ ቢያልቅ እንኳ፣ በቀሩት ላይ አዲስ ሰው ሞልተው እንደገና ያቆሙታል። ውጊያ በሆነ ቀን የቀሩት እኔ ማጠቢያ ጋ መጥተው ይቀመጡ ነበር። ከሚሄዱት ይልቅ ፊታቸው የሚከፋው የነሱ ነው።»

«የቀሩት የሚቀመጡት የት ነው?» አለች ጎረቤቴ።

«ከጦሩ ኋላ።»

«ጣቢያው ከመድረኩ ኋላ ነው፣ አይደል?»

አባባ ቀና ብለው አዩዋት። «ነው» አሉ።

«እንግዲያው ደንቡ ተገኘ» ብላ ጉልበቷን አራግፋ ተነሣች።

እንዲህ ሆነ። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሴት ተመረጡ፤ የቤት ቁልፍ የሚሰጣቸው፣ ዕቃ ቢሰጣቸው የማያጎድሉ። እነሱ አይሰለፉም፤ ጣቢያው በር ላይ ቆመው የቡድናቸውን ሁሉ ዕቃ ይቀበላሉ። ስለዚህ ባቡሩ ቢጮኽም የሚሮጥበት ምክንያት የለም። ለሊቀመንበሩ የተነገረው «ተጠባባቂ ኃይል» ተብሎ ነው። ቃሉን በጣም ወደደው። የከፋው ቁጥሩ ላይ ነው።

«ዘጠና ብዬ ለከፍተኛ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ሰባ ሁለት ሆኑ?»

«እንግሊዝም እንደዚሁ ነው» አሉት አባባ። «ወረቀት ላይ ያለው ሻለቃና ሜዳ ላይ ያለው ሻለቃ ተገናኝተው አያውቁም።»

አንገቱ ግን እንደማሽላው ቀረ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው አባባ ሥልጠናውን አቆሙና የሰባ ሁለታችንንም የካኪ ልብስ ሰብስበው መተኮስ ጀመሩ። ጭሱ ከክፍሉ አልወጣ ብሎ ዓይናቸው ቀላ። ላግዝዎት ብላቸው፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ የመጨረሻዬ ከሆነ ራሴ ልጨርሰው» አሉኝ። ይህን ሲሉ ሳቅ አላሉም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አወራሁት። ራቱን እየበላ ሰማኝ። «መቼ ነው የምታልፉት?» አለኝ። ከወጣቶች ማኅበር ቀጥሎ ነን አልኩት። ሌላ አልጠየቀም።

መስከረም ሁለት ደረሰ። መድረኩ ከዚራ በሚባለው ሠፈር፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ነው የተሠራው፤ እኛ ስናልፍ በቀኛችን ይውላል፣ ጣቢያውና የባቡሩ ግቢ ከጀርባው። ፀሐዩ የድሬ ነው፣ ንግግሩ ደግሞ ከፀሐዩ ይረዝማል። ሰባ ሁለታችንም ቆመናል፣ የሱሪና የጉርዱ መስመር ሽንኩርት ይቆርጣል፤ እንዳይበላሽ ብለን ለሦስት ሰዓት ያህል የተቀመጠች የለችም። አባባ ከመንገዱ ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ከፊታችን፣ አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ከኋላ ይታየኛል።

ተራችን ደረሰ። ግራ፣ ቀኝ። ሁለቱ መቶዎች ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። እግሩ ደህና ነው። መድረኩ እየቀረበ መጣ። ሊቀመንበሩ ትእዛዙን ሊሰጥ አፉን ሲከፍት፣ ድምፁ ገና ሳይወጣ፣ ከመድረኩ ጀርባ ባቡሩ ጡሩምባውን ነፋ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ያ ድምፅ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በኦሮምኛም ማንም ሊተረጉምልን አያስፈልግም። ሰባ ሁለት አንገት ባንድ ጊዜ፣ ክው ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ። የፊተኛው፣ የኋለኛው፣ የመካከሉ። ዓይናችን ጣቢያው ላይ ነው፤ እንግዶቹ ግን በመካከል ስለተቀመጡ እነሱን የምናይ መሰላቸው። እንዲያ ያለ አተኩሮ ማየት ደግሞ አይተው አያውቁም። የጎረቤቴን ትከሻ አየሁት፤ ወደ ጣቢያው ያዘነብላል። «አባዮ፣ እህቴ፣ ያዢኝ» አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «የኛዎቹ እዚያ ናቸው፣ ሂጂ፣ ግራ ቀኝ» አልኳት። የማንም እግር ከመስመር አልወጣም። መሃል ወንበር ላይ የነበሩት ትልቁ እንግዳ ተነሥተው ቆሙ፤ እሳቸው ሲነሡ መድረኩ ሁሉ ተነሣ። ጡሩምባው ረጅም ነበር፣ መድረኩን አልፈን እስክንጨርስ። እሱ ሲያቆም አንገታችን ተመለሰ፣ እኩል።

ሰልፉ ሲያልቅ እንግዳው አሠልጣኙን አምጡልኝ አሉ። ሊቀመንበሩ አባባን እጃቸውን ይዞ አቀረባቸው። «በእንግሊዝ ብርጌድ ያገለገሉ የጦር ሰው ናቸው» አለ። እኔ ቅርብ ነበርኩ።

«ምን ነበሩ፣ ማዕረግዎ?» አሉ እንግዳው።

«አጣቢ ነበርኩ» አሉ አባባ።

ሊቀመንበሩ የአባባን እጅ ለቀቀ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት?»

«ከእድፉ ነው፣ ጓድ።»

እንግዳው አዩዋቸው። ከዚያ ሳቁ፤ በዙሪያቸው ያሉት መሳቅ የሚፈቀድ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ እነሱም ሳቁ፤ ሊቀመንበሩ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ። በዚያው ሳምንት አባባ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጣቸው፤ ክፍሉ «የቀበሌው የደንብ ልብስ መተኮሻ» ተባለ። ከበሮው ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባ። ሊቀመንበሩ ቢሮ መግባት አቅቶት ብዙ ጊዜ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር የሚፈርመው።

ተጠባባቂዎቻችን ዕቃውን ይዘው የመጡት ወደ ማምሻው ነው፤ አንድ ሳሙና አልጎደለም። ባቡሩ የገባው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው አሉን። እኛ ግን የሰማነውን ሰምተናል፣ ያ ደግሞ ሌላ ባቡር ይሆናል ብለን ተውነው። የድሬ ባቡር ሰዓቱን ማን ያውቃል። በዚያ ሳምንት ባለቤቴ ሦስት ቀን ቤት ዋለ። ጥገና ክፍሉ እየተጸዳ ነው አለኝ፤ ልጆቹን ይዞ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተሰበረ ወንበር ሲጠግን ሰነበተ።

አባባ እስከ መጨረሻቸው በዚያች ክፍል ተኮሱ። ሲሞቱ ቀበሌው አጀባቸው፤ የሸኙዋቸው ሴቶች ሳይባባሉ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሄዱት።

ባለቤቴ ያረፈው ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ደርግም ባቡሩም አልፈው ነው። በአርባው ድንኳን ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ባለቤትሽ ያኔ ከሥራ የታገደ ጊዜስ ትዝ ይልሻል?» አለኝ። ታግዶ አያውቅም አልኩት። «እንዴት አያውቅም? ያ እንግሊዙ የምትሉት ካውያ ተኳሽ የሴቶቹ አንገት እኩል እንዲዞር ንፋልኝ እያለ ሦስት ቀን ተመላልሶ ለመነው። በበዓሉ ቀን ጥገና የገባውን ሎኮሞቲቭ አስነሥቶ፣ አናቱ ላይ ወጥቶ በግንቡ ላይ ሲያያችሁ ቆየ። መድረኩ ጋ ስትደርሱ ወርዶ ጡሩምባውን የነፋው እሱ ነው፤ ያለ ፈቃድ ነፋህ ብለው ሦስት ቀን አገዱት።»